በሸክላው ውስጥ የቀሩ ድምፆች

የሮክ ሙዚቃ ታሪክ በአብዛኛው የሚጻፈው በባንድ አባላት ስም ነው፤ ባንድ ማለት ደግሞ በሕዝብ ዘንድ አራት ወይም አምስት ፊቶች፣ በሸክላው ሽፋን ላይ የታተመ አንድ መጠሪያና በመድረክ ላይ መብራት ያረፈባቸው ጥቂት ሰዎች ማለት ነው። የእንግሊዙ ፒንክ ፍሎይድ በመጋቢት 1973 ያወጣው «ዘ ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን»፣ በአማርኛ የጨረቃ ጨለማ ገጽ ሊባል የሚችለው አልበም ግን፣ በአራት ሰዎች ስም ብቻ ቢታወስ የራሱን ግማሽ ያጣል (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አድማጭ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላም ከዚህ አልበም ለይቶ የሚያስታውሳቸው ድምፆች፣ ማለትም በድንገት አብረው የሚያስተጋቡት ሰዓቶች፣ በምት የሚንኳኩት ሳንቲሞች፣ ያለ ቃል የምታዜመው ሴት፣ በዜማው መካከል ብቅ ብሎ ተናግሮ የሚጠፋው ያልታወቀ ሰው፣ ወይ ከባንዱ ውጪ ከሆነ ሰው የተገኙ ናቸው፤ ወይ ደግሞ የስቱዲዮ ሠራተኛ እጅ ባያርፍባቸው ኖሮ የዛሬ መልካቸውን ባልያዙም ነበር። የእነዚህን ሰዎች ትዝታ መልሶ ማንሣት ለአራቱ ሙዚቀኞች የተሰጠውን ክብር አይቀንስም፤ ክብሩ ከምን ከምን እንደተሠራ ግን ያሳያል።

ፒንክ ፍሎይድ በ1972 ጀማሪ ባንድ አልነበረም። ሮጀር ዋተርስ፣ ኒክ ሜሰንና ሪቻርድ ራይት በለንደን የሥነ ሕንፃ ተማሪዎች ሳሉ ተዋውቀው፣ ከሲድ ባሬት ጋር በ1965 ባንዱን መሠረቱ፤ የመጀመሪያዎቹን ዘፈኖች አብዛኞቹን የደረሰው ባሬት በአእምሮ ሕመም ምክንያት በ1968 ከተለያቸው በኋላም ከዴቪድ ጊልሞር ጋር ሆነው ቀጠሉ። ዋተርስ ቤዝ ጊታር ይመታል፣ ግጥሙንም ይጽፋል፤ ጊልሞር ጊታር ይጫወታል፣ ይዘፍናልም፤ ራይት ፒያኖና ኦርጋን፣ ሜሰን ደግሞ ድራም ይዘዋል። ከዚህኛው አልበም በፊት ሰባት አልበሞች አውጥተው ነበር። አዲሱን ሥራም ወደ ስቱዲዮ ከመግባታቸው ከወራት በፊት ጀምሮ በመድረክ ሲጫወቱት ቆይተዋል፤ በጥር 1972 በብራይተን ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉውን ለማቅረብ ሞክረው በመሣሪያ ብልሽት ቢያቋርጡትም፣ በቀጣዩ ወር በለንደኑ ሬይንቦው ቴአትር በተከታታይ ምሽቶች አቅርበውታል። ስለዚህ የዘፈኖቹ አጥንት፣ ማለትም ግጥሙ፣ የዜማው አካሄድና ቅደም ተከተሉ፣ የባንዱ መሆኑ አያከራክርም። ነገር ግን በመድረክ የቀረበው ሥራና በሸክላ የታተመው ሥራ አንድ አይደሉም፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከግንቦት 1972 መጨረሻ እስከ 1973 መባቻ ድረስ በአንድ ሕንፃ ውስጥ የተፈጠረ ነው።

ያ ሕንፃ በሰሜን ምዕራብ ለንደን፣ በሴንት ጆንስ ዉድ ሰፈር፣ በአቢ ሮድ መንገድ ቁጥር 3 የሚገኘው፣ በዚያን ጊዜ የኢ.ኤም.አይ. ኩባንያ የነበረው ስቱዲዮ ነው። በ1931 ሲከፈት ኦርኬስትራውን የመራው የእንግሊዝ አቀናባሪው ኤድዋርድ ኤልጋር ነበር፤ ከዚያ ወዲህም ቤቱ እንደ ሙዚቃ ቤት ብቻ ሳይሆን እንደ መንግሥት መሥሪያ ቤት ያለ ሥርዓት ይዞ ኖሯል። የቴክኒክ ሠራተኞቹ ለረዥም ጊዜ እንደ ሐኪም ነጭ ካፖርት ለብሰው ይሠሩ ነበር፤ ማን የትኛውን መሣሪያ መንካት እንደሚችልም በደንብ የተወሰነ ነበር። በዚያ ዘመን በዚህ ቤት ድምፅ መቅረጽ የሚማር ወጣት የሚያልፍበት መሰላል ነበረ። ከታችኛው እርከን ላይ ያለው የቴፕ ኦፕሬተር ይባል ነበር፤ ሥራው የቴፕ ማሽኑን ማስነሣትና ማቆም፣ የተቀረጸውን ሁሉ በወረቀት መመዝገብ፣ ከዋናው ባለሙያ ኋላ ቁጭ ብሎ ማየትና ዝም ማለት ነበር። ከዓመታት በኋላ የሚደረስበት የላይኛው እርከን ደግሞ የድምፅ መሐንዲስነት ነበር፤ መሐንዲሱ የትኛው ማይክራፎን የት እንደሚቆም፣ የትኛው መሣሪያ ጎልቶ የትኛው ደብዝዞ እንደሚሰማ ይወስን ነበር። ሁለቱም የኩባንያው ደመወዝተኞች ነበሩ፤ የሠሩበት ሸክላ መቶ ቢሸጥ ወይም መቶ ሚሊዮን፣ የሚያገኙት ያው የሳምንት ደመወዛቸው ነበር።

የ«ዘ ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን» መሐንዲስ አላን ፓርሰንስ ከዚህ መሰላል የወጣ ሰው ነው። በወጣትነቱ በቢትልስ የመጨረሻ ቀረጻዎች ላይ በረዳትነት ሠርቷል፣ ፒንክ ፍሎይድንም በ«አተም ኸርት መዘር» አልበም ጊዜ ያውቃቸዋል፤ ይህን አልበም ሲቀርጽ ግን ዕድሜው ገና 23 ነበር፤ አብቅቶ ሲወጣ 24 ሞልቶታል። ራሱ እንደተናገረው የዚያን ጊዜ ደመወዙ በሳምንት 35 ፓውንድ ነበር። ባንዱ የራሱ ፕሮዲዩሰር ነኝ ብሎ ስለሠራ፣ ማለትም ቀረጻውን በበላይነት የሚመራ የውጭ ሰው ስላልቀጠረ፣ በሌላ አልበም ላይ የፕሮዲዩሰር ድርሻ የሚሆነው ብዙ ነገር ያለ ማዕረግ በዚህ ወጣት ትከሻ ላይ ወደቀ። አራቱ ሙዚቀኞች የቢቢሲውን ሞንቲ ፓይተን የተባለ አስቂኝ ፕሮግራም ለማየት፣ ዋተርስ በተለይ የአርሰናልን ጨዋታ ለመከታተል፣ ሥራ አቋርጠው ይወጡ እንደነበር ባለ ጉዳዮቹ ሁሉ የሚመሰክሩት ነው፤ በእነዚያ ሰዓቶች ከማሽኑ ጋር የሚቀረው ፓርሰንስ ነበር፤ የተቀረጸውን ለብቻው እያዋሐደ፣ ሲመለሱ የሚያሰማቸውን መልክ ይሞክር ነበር። የአልበሙ ጥራት ከምን እንደመጣ ለሚጠይቅ ሰው እነዚያ ባዶ ሰዓቶች ከብዙ የቃለ ምልልስ ገጾች ይልቅ ይናገራሉ።

ዛሬ ድምፅ በኮምፒውተር የሚቀረጽበት ዘመን ሰው የዚያን ጊዜ ሥራ እንዲረዳ ስለ ቴፑ ጥቂት ማስረዳት ያስፈልጋል። ቀረጻው የሚካሄደው 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ባለው መግነጢሳዊ ክር ላይ ነው፤ ክሩ በስፋቱ 16 መስመሮች ይይዛል፤ በእያንዳንዱ መስመር አንድ መሣሪያ ወይም አንድ ድምፅ ለብቻው ይቀረጻል። 16ቱ ሲሞሉ ለተጨማሪ ድምፅ ቦታ የሚገኘው የተቀረጹትን አዋሕዶ ወደ ሌላ ክር በማሸጋገር ብቻ ነው፤ ክሩ በተገለበጠ ቁጥር ግን የክሩ የራሱ ሹክሹክታ ይጨምራል፣ ውሕደቱም አንዴ ከተደረገ ወደ ኋላ ተመልሶ አንዱን ከሌላው መነጠል አይቻልም። የዚህ አልበም አብዛኛው ክፍል እንዲህ የተገለበጠ ነው። ሆኖም ከዚያ በኋላ በመጡት አሥርተ ዓመታት ሁሉ ሰዎች አዲስ የገዙትን የድምፅ ማጫወቻ ለመፈተን ሲፈልጉ ያጫውቱት የነበረው ይህንኑ ሸክላ ነው። መሐንዲሱ በእያንዳንዱ ግልበጣ ላይ የወሰነው ውሳኔ ትክክል ባይሆን ኖሮ ይህ አይሆንም ነበር። በአሜሪካ የግራሚ ሽልማት ላይ ፓርሰንስ በምርጥ ቀረጻ ዘርፍ የታጨውም በዚህ ምክንያት ነው።

ከሁሉ በላይ የእጅ ሥራው የሚታየው «መኒ» በተባለው ስለ ገንዘብ በሚናገረው ዘፈን መግቢያ ላይ ነው። ሐሳቡ የዋተርስ ነበር፤ የሸክላ ዕቃ ሠሪ የነበረችው ባለቤቱ ጭቃ በምታቦካበት ትልቅ ጎድጓዳ ዕቃ ውስጥ ሳንቲም እየወረወረ በቤቱ ቀረጸ። ከዚያ ወዲያ ያለው ግን የመቀስና የማስመሪያ ሥራ ነው። የሳንቲሙ መንኳኳት፣ የወረቀቱ መቀደድ፣ የገንዘብ መቀበያው ማሽን መከፈት እያንዳንዳቸው ለብቻ ተቀርጸው፣ ክሩ በምላጭ ተቆርጦ፣ ቁራጮቹ በማጣበቂያ ተቀጥለው፣ በመጨረሻ ጫፉና ጫፉ ተገናኝቶ ያለ ማቋረጥ የሚዞር ቀለበት ሆነ። ክሩ በሴኮንድ 38 ሴንቲ ሜትር በሚሮጥበት ማሽን ላይ ግማሽ ሴኮንድ የሚቆይ ድምፅ 19 ሴንቲ ሜትር ገደማ ክር ይፈጃል፤ ስለዚህ ምቱ እንዳይንሸራተት ከተፈለገ ሰባቱም ቁራጮች በማስመሪያ ተለክተው እኩል መሆን አለባቸው፤ ስሕተት ካለ ለሠለጠነ ጆሮ ይሰማል። ቀለበቱ ከማሽኑ መንኮራኩር በላይ ረዥም ስለሆነ ከማሽኑ ውጪ ተዘርግቶ፣ በማይክራፎን ማቆሚያ ብረት ዙሪያ ተጠምዝዞ፣ ሳይላላና ሳይጠብቅ እንዲዞር ተደረገ። ቁራጮቹ ሰባት መሆናቸው ደግሞ ከዘፈኑ ምት ጋር የሚሄድ ነው፤ የምዕራባውያን ተወዳጅ ሙዚቃ በአብዛኛው በአራት በአራት ሲቆጠር ይህ ዘፈን በአብዛኛው በሰባት ይቆጠራል። አራቱ ሙዚቀኞች ወደ ስቱዲዮው ገብተው መጫወት የጀመሩት በዚያ በሚዞር ክር ላይ ተመሥርተው ነው፤ መሣሪያ ተጫዋቾቹን የመራቸው መቀስ ነበር ማለት ይቻላል።

የ«ታይም» ሰዓቶች ታሪክ ደግሞ ከዚህ ይለያል፤ ሐሳቡም ሥራውም የፓርሰንስ ነው። ኩባንያው ኳድራፎኒክ የሚባለውን፣ ማለትም በክፍሉ አራት ማዕዘን ከተቀመጡ አራት ድምፅ ማጉያዎች የሚወጣውን አዲስ ቴክኒክ ለማስተዋወቅ ናሙና ይፈልግ ስለነበር፣ ፓርሰንስ ወደ አንድ የጥንት ሰዓቶች መሸጫ ሄዶ እያንዳንዱን ሰዓት ለብቻው ሲመታ ቀርጾ ነበር። ባንዱ ስለ ጊዜ የሚናገር ዘፈን እንዳለው ሲያይ ያንን ክር አውጥቶ አሰማቸው። በሸክላው ላይ ሁሉም ሰዓቶች በአንድ ቅጽበት የሚመቱ ይመስላሉ፤ በእውነቱ ግን አንዳቸው ከሌላቸው ጋር አንድም ቀን አብረው አልመቱም፤ ያንን ቅጽበት የሠራው የመሐንዲሱ እጅ ነው።

«ኦን ዘ ራን» የተባለው ቃል አልባ ክፍል የሌሎች ሰዎችን አሻራ ይዟል። በመድረክ ላይ ይህ ቦታ የጊታር ልምምድ የሚመስል ክፍል ነበረው፤ በስቱዲዮ ግን ኢ.ኤም.ኤስ. የተባለው የለንደን አነስተኛ ኩባንያ የሠራውን፣ ሲንቲ የሚባለውን በሻንጣ የሚያዝ ሲንተሳይዘር አግኝተው ክፍሉን ከሥሩ ቀየሩት። ሲንተሳይዘር ድምፅን ከኤሌክትሪክ ሞገድ የሚፈጥር መሣሪያ ነው፤ ይህኛው የጥቂት ኖታዎችን ተከታታይ በትውስታው ይዞ፣ ፍጥነቱ ሲጨመርለት ሰው በጣቱ ሊያደርሰው በማይችለው ጥድፊያ ይደጋግመዋል። በዚህ ጥድፊያ ውስጥ አንድ ሰው እየሮጠ ያልፋል፤ ትንፋሹም ይሰማል። ያ ሯጭ ረዳቱ የድምፅ መሐንዲስ ፒተር ጄምስ ነው፤ በስቱዲዮ ቁጥር 2 ወለል ላይ ወዲያና ወዲህ እየሮጠ ተቀረጸ። ሥራው ማሽን ማስነሣትና ማቆም የነበረ ሰው በዓለም ላይ እጅግ ከተሸጡት ሸክላዎች በአንዱ ውስጥ በእግሩ ኮቴ ቀርቷል።

ከሁሉም በላይ ግን ጊዜ ወስዶ ሊታሰብበት የሚገባው የክሌር ቶሪ ሥራ ነው። ሪቻርድ ራይት በኋላ «ዘ ግሬት ጊግ ኢን ዘ ስካይ» የተባለውን፣ ስለ ሞት የሚያወሳ የፒያኖ ዜማ ደርሶ ነበር፤ በመድረክ ሲቀርብ በላዩ የሃይማኖት ንባብና ንግግር ይደመጥበት ነበር፤ አልበሙ ሊያልቅ ሲቃረብ ግን ይህ በቂ እንዳልሆነ ለሁሉም ታያቸው። የሴት ድምፅ ይግባበት የሚል ሐሳብ ሲነሣ ቶሪን የጠቆማት ፓርሰንስ ነው። ቶሪ 25 ዓመቷ ነበር፤ ዘፈን ትጽፋለች፣ በሰዓት ክፍያ እየተጠራችም በሌሎች ሰዎች ቀረጻ ላይ ታዜማለች። እንዲህ ያለውን ባለሙያ እንግሊዞች ሴሽን ዘፋኝ ይሉታል፤ መጥቶ የተባለውን ያዜማል፣ ክፍያውን ይቀበላል፣ ይሄዳል፤ ሸክላው ከዚያ በኋላ የእርሱ ጉዳይ አይደለም። በመጀመሪያ በተጠራችበት ምሽት የቻክ ቤሪን ትርዒት ለማየት ስላሰበች አልመጣችም፤ ለእሑድ ጥር 21 ቀን 1973 ምሽት ተቀጠረች። እሑድ ስለሆነ ክፍያው እጥፍ ሆኖ 30 ፓውንድ ደረሰ።

ያን ምሽት የተሰጣት መመሪያ በጣም ጥቂት ነበር። ግጥም የለውም፣ ዜማም የለውም፣ ስለ ሞት ነው አሏት፤ ፒያኖውን አሰሟት። እንደ ለመደችው አንዳንድ የፍቅር ዘፈን ቃላት እያስገባች ስትጀምር ቃል አንፈልግም ተባለች። ከብዙ ዓመታት በኋላ በሰጠችው ቃል መሠረት፣ መውጫ ያገኘችው ራሷን እንደ ዘፋኝ ማየት ትታ እንደ አንድ መሣሪያ ለመሆን ስትወስን ነው። ሁለት ጊዜ አዜመች፤ ሦስተኛውን ጀምራ ራሷን እየደገመች እንደሆነ ስለተሰማት ግማሽ ላይ አቆመችው። በሸክላው ላይ ያለው ከእነዚያ ተውጣጥቶ የተገጣጠመ ነው። ድምፁ መጀመሪያ ይጮኻል፤ የተያዘን ነገር አልለቅም እንደሚል ሰው ከፍ ከፍ ይላል፤ ከዚያ አንድ ቦታ ላይ ይሰበርና ወደ ለሆሳስ ይወርዳል፤ በሁለተኛው አጋማሽ የሚሰማው ተቃውሞ ሳይሆን መለመን፣ ቀጥሎም መለመኑን ራሱን መተው ነው። ይህንን መንገድ በወረቀት የጻፈላት ሰው አልነበረም። ራይት በፒያኖው የሰጠው የስምምነት ድምፆችን ነው፤ ከመነሻ እስከ መድረሻ ያለውን ጉዞ የፈጠረችው እርሷ ናት። ስታበቃ ያበዛችው ስለመሰላት ይቅርታ ጠይቃ፣ ሥራው አይገባም ብላ ሄደች፤ እንደገባ ያወቀችው ሸክላው ሲወጣ በመሸጫ ሱቅ ሽፋኑን ገልጣ ስሟን ስታገኝ ነው። በሽፋኑ ላይ የዜማው ደራሲ ተብሎ የተጻፈው ግን ራይት ብቻ ነበር።

በአልበሙ ውስጥ ብቅ እያሉ የሚናገሩት ሰዎች ጉዳይም ከዚህ አይተናነስም። ዋተርስ በካርዶች ላይ ጥያቄዎች ጻፈ፤ ካርዶቹ ተገልብጠው በኖታ ማቆሚያ ላይ ተደረደሩ፤ ጨለም ባለ ስቱዲዮ ማይክራፎን ፊት የተቀመጠው ሰው አንዱን አንሥቶ ይመልሳል፣ ቀጣዩን ያነሣል። ጥያቄዎቹ ቀላል ከሆኑት፣ ለምሳሌ ስለሚወዱት ቀለም ከሚጠይቁት ተነሥተው ሰውን ስለ መምታት፣ ስለ እብደትና ስለ ሞት ፍርሃት ወደሚጠይቁት ይሄዳሉ። ተጠያቂዎቹ በዚያ ሰሞን በሕንፃው የተገኙት ሁሉ ነበሩ፤ የባንዱን ዕቃ የሚያጓጉዙትና የሚተክሉት ሠራተኞች፣ ከእነርሱም የቡድኑ ኃላፊ ፒተር ዋትስና ባለቤቱ፣ በአጠገቡ ክፍል የሚቀረጸው የዊንግስ ባንድ ጊታር ተጫዋች ሄንሪ መከላክ፣ የስቱዲዮው አየርላንዳዊ በር ጠባቂ ጄሪ ኦድሪስኮል። ከቢትልስ አባላት አንዱ የነበረው ፖል ማካርትኒም ተጠይቆ ነበር፤ የእርሱ መልስ ግን ራሱን የሚጠብቅ ሰው መልስ ስለሆነ አልገባም። ለዚህ ዓይነት ሥራ ዝና እንቅፋት ሆነ፤ የተፈለገው ማንም የማይጠይቀው ሰው ሲጠየቅ የሚሰጠው ቅን መልስ ነበር። ኦድሪስኮል የተቀረጸው ለደቂቃዎች ነው፤ ከመጨረሻው ዘፈን በኋላ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ግን እርሱ ነው፤ በዚያ በር ስንት ታላላቅ ሙዚቀኞች ሲወጡና ሲገቡ ያየ ሰው የአልበሙን መዝጊያ መናገሩ የዋተርስ ምርጫ ነበር፤ ምርጫውም የሚያስመሰግን ነው።

ሳክስፎኑን የተጫወተው ዲክ ፓሪ የጊልሞር የካምብሪጅ ከተማ የልጅነት ዘመን የሙዚቃ ባልደረባ ነው፤ በ«መኒ» ላይ ሻካራ፣ በ«አስ ኤንድ ዘም» ላይ ለስላሳ የሆነው ያው ሰው ነው። ተቀባዮቹ አራት ሴቶች ነበሩ፤ አሜሪካዊቷ ዶሪስ ትሮይ፣ ሌስሊ ደንካን፣ ላይዛ ስትራይክና ባሪ ሴንት ጆን፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት ዘፈኖች የአምልኮ መዝሙር ያህል ግዝፈት ያገኙት ከእነርሱ ድምፅ ነው።

ቀረጻው ካለቀ በኋላ ሚክሲንግ የሚባለው ሥራ ይቀራል፤ ይህም የ16ቱን መስመሮች ድምፅ መጥኖ ለአድማጭ ወደሚደርሰው ሁለት መስመር ማዋሐድ ነው። ለዚህ በአዲስ ጆሮ የሚሰማ ሰው ያስፈልጋል ተብሎ የቢትልስ ፕሮዲዩሰር የጆርጅ ማርቲን ረዳት የነበረው ክሪስ ቶማስ ተጠራ። ስለዚህ ምዕራፍ የቀሩት ትዝታዎች አይስማሙም። በጊልሞርና በሌሎቹ አተራረክ፣ አንደኛው ወገን ድምፁ ደረቅና ጥርት ያለ እንዲሆን፣ ሌላው ደግሞ በማሚቶ የተነከረና ሰፊ እንዲሆን ይፈልግ ነበር፤ ቶማስም መካከለኛውን መንገድ መረጠ። ቶማስ ግን በኋላ ሲጠየቅ እንዲህ ያለ ክርክር በፊቱ እንደነበረ አያስታውስም። ሁለቱን ቃሎች ማስታረቅ የሚቻል ይመስላል፤ ወደ ሥራው በሰላም የገባ ሦስተኛ ሰው በፊቱ ጠብ ሳይነሣ ጠቡን ሊያበርደው ይችላል፤ የተጠራበትም ምክንያት ምናልባት ይኸው ነበር። አልበሙን ሲያደምጡ ግን ሁለቱም ፍላጎቶች ይሰማሉ፤ ከበሮውና ቤዙ ቅርብና ደረቅ፣ ጊታሩና ኦርጋኑ ሩቅና እርጥብ ናቸው።

ሽፋኑን ያዘጋጀው የስቶርም ቶርገርሰንና የኦብሪ ፓወል ሂፕኖሲስ የተባለው ድርጅት ነው፤ ብርሃን ገብቶበት ቀለማት የሚወጡበትን ባለ ሦስት ማዕዘን መስታወት በእጁ የሣለው ጆርጅ ሃርዲ ነው። ባንዱ እስከዚያ ድረስ በአሜሪካ ብዙ አይሸጥም ነበር፤ በአሜሪካው የካፒቶል ሸክላ ኩባንያ ኃላፊነት ላይ የነበረው ሕንዳዊው ባስካር ሜኖን ለዚህ ሸክላ ያደረገው ቅስቀሳ ያንን ለወጠው። አልበሙ በአሜሪካው የቢልቦርድ የአልበሞች ሰንጠረዥ አንደኛ የሆነው ለአንድ ሳምንት ብቻ ነው፤ ከሰንጠረዡ ሳይርቅ የቆየው ግን እስከ 1988 በድምሩ ለ741 ሳምንታት ነው። በዓለም ዙሪያ ከ45 ሚሊዮን ቅጂ በላይ እንደተሸጠ ይገመታል።

ይህ ሁሉ ሀብት ሲገባ ደመወዝተኞቹ ባሉበት ነበሩ። ፓርሰንስ ባንዱ ለቀጣዩ አልበም ሲጠራው አልሄደም፤ ከኤሪክ ዉልፍሰን ጋር የራሱን ሥራ ጀምሮ በ1976 የመጀመሪያውን አልበም አወጣ፤ ዘፋኞችንና ተጫዋቾችን ለእያንዳንዱ ዘፈን እየመረጠ የሚጠራ፣ መሐንዲሱ የሥራው ዋና ባለቤት የሆነበት ቡድን ነበር፤ በአቢ ሮድ የተማረውን ነገር በራሱ ስም ሠራው። ከአራቱ አንዱ የሆነው ራይት የደረሰበት ግን በተቃራኒው ነው። «አስ ኤንድ ዘም»ን የመሰለ ዜማ፣ ያውም ከዓመታት በፊት ለጣሊያናዊው የፊልም ዳይሬክተር ለአንቶኒዮኒ ፊልም ደርሶት ሳይፈለግ የቀረውን፣ ለዚህ አልበም የሰጠ ሰው፣ በ1979 «ዘ ዎል» የተባለው የባንዱ አልበም ሲቀረጽ ከባንዱ እንዲወጣ ተደረገ፤ በቀጣዮቹ ሁለት ዓመታት ትርዒቶች ላይም በገዛ ባንዱ ውስጥ በደመወዝ ተቀጥሮ ተጫወተ። በባንድ አባልና በተጠሪ ሙዚቀኛ መካከል ያለው ድንበር በሙዚቃው ውስጥ ሳይሆን በውል ወረቀት ላይ የሚሠመር መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ነገር የለም።

ቶሪ በ1990 በኔብዎርዝ በተደረገው ትልቅ ትርዒት ላይ ከባንዱ ጋር ያንኑ ዜማ በመድረክ አዚማለች፤ በ2004 ግን ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት ወሰደችው። ጥያቄዋ የክፍያ ጥያቄ ብቻ አልነበረም፤ ያለ ኖታና ያለ ግጥም በቦታው የፈጠርኩት ነገር ድርሰት ነው፣ ስለዚህ ደራሲ ነኝ የሚል ነበር። ጉዳዩ በ2005 በስምምነት ተዘጋ፤ የስምምነቱ ዝርዝር ለሕዝብ አልተገለጠም። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር አራቱ የባንዱ አባላት ከብዙ ዓመታት መለያየት በኋላ በለንደን ሃይድ ፓርክ ላይቭ 8 በተባለው ትርዒት ላይ አብረው ቆሙ፤ «መኒ»ን ሲጫወቱ ሳክስፎን ይዞ የወጣው ዲክ ፓሪ ነበር። ከስምምነቱ በኋላ በታተሙት ቅጂዎች ላይ «ዘ ግሬት ጊግ ኢን ዘ ስካይ» የራይትና የቶሪ ድርሰት ተብሎ ተመዝግቧል። ስሟ ወደ ደራሲነት ለመዛወር 32 ዓመት ፈጅቷል፤ በማስመሪያ የተለካው የሳንቲም ምትም ሆነ ከሱቅ ተቀርጾ የመጣው የሰዓቶች ድምፅ ግን እስከ ዛሬ የሚቆጠረው እንደ መሐንዲስ ሥራ እንጂ እንደ ድርሰት አይደለም፤ በቶሪ ጉዳይ የተነሣው ጥያቄ ለእነዚህም መነሣት ይገባው ነበር።